ለመተው የሚሠራ ቤት፦ ስለ ሞኬኖች ጎጆና ጀልባ

(ይሄ ለአርክቴክቸር ተማሪዎችና በሩ ክፍት ስለነበር ለገባው ሰው ሁሉ ካወራሁት ላይ የተገለበጠ ነው። ከድምፅ ቅጂው ስጽፈው ድግግሞሹን ቆርጫለሁ፣ ያመለጠኝም ይኖራል፣ ይቅርታ። ዓመተ ምህረቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እሺ፣ ይሰማል? ከኋላ ያላችሁ? ጥሩ።

ዛሬ ስለ ቤት ነው የማወራው፣ ግን የኛን ቤት አይደለም፣ በጣም ሩቅ ነው የምወስዳችሁ። አንዳማን ባህር። ካርታ ላይ ታይላንድንና ማይናማርን ካገኛችሁ በስተምዕራባቸው ያለው ባህር ማለት ነው። እዚያ ሞኬን የሚባሉ ሰዎች አሉ፣ ብዙ አይደሉም፣ በጥቂት ሺህ ነው የሚቆጠሩት። በማይናማር በኩል ሜርጊ የሚባሉት 800 ገደማ ደሴቶች መሃል ነው የሚኖሩት፣ በታይላንድ በኩል ደሞ ሱሪን ደሴቶች ላይ፣ ከየብሱ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ገባ ብሎ። ቋንቋቸው ከማላይ ጋር ዘመድ ነው፣ እንደውም እስከ ማዳጋስካር ድረስ የተዘረጋው ያ ትልቁ የቋንቋ ቤተሰብ ውስጥ ነው ያለው፣ ስለዚህ የማላጋሲ ተናጋሪ የሩቅ ዘመዳቸው ነው ማለት ነው።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገራችሁ። በርማዎች እነዚህን ሰዎች ምን ብለው እንደሚጠሯቸው ታውቃላችሁ? ሳሎን። አዎ፣ ልክ እንደዛ ነው የሚባለው። እኛ ሳሎን ስንል ሶፋ፣ ቲቪ፣ በፕላስቲክ የተሸፈነ ምናምን ነው ትዝ የሚለን፣ እነሱ ግን ሳሎን ሲሉ ቤቱን ይዞ ባህር ላይ የሚዞር ህዝብ ማለታቸው ነው። መጀመሪያ ሳነበው ለብቻዬ ስስቅ ነበር።

ስለነሱ ኢንተርኔት ላይ ብትፈልጉ በመጀመሪያ የሚመጣላችሁ ግን ቤታቸው አይደለም፣ የልጆቻቸው ዓይን ነው። በ2003 ከስዊድን ሉንድ ዩኒቨርሲቲ አና ጊስሌን የምትባል ተመራማሪ የሞኬን ልጆች ውሃ ውስጥ ያለ መነጽር ከአውሮፓ ልጆች በእጥፍ አጥርተው እንደሚያዩ አሳየች፣ የዓይናቸውን ብሌን በጣም አጥብበው ነው የሚያዩት። ዓለም ሁሉ ጉድ አለ። ሰው የማያወራው ግን ቀጥሎ የሆነውን ነው፣ እሷው የስዊድን ልጆችን ወስዳ አንድ ወር ገደማ ስታለማምዳቸው እነሱም ቻሉት። በደም የሚወረስ ሳይሆን በመዋል የሚመጣ ነገር ነው ማለት ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ቤቱ። ቤት ስል ግን መጀመሪያ ጀልባውን ነው የማወራው፣ ምክንያቱም ለሞኬን ትክክለኛው ቤት ጀልባው ነው፣ ካባንግ ይባላል። እኛ አንድ ልጅ አግብቶ ራሱን ሲችል ጎጆ ወጣ እንላለን አይደል፣ እዛ ጀልባ ወጣ ነው። ወንዱ ሚስት ሲያገባ ካባንግ ይሠራል፣ ጥንዶቹ እዛ ውስጥ ይገባሉ፣ ልጅ እዛው ይወለዳል፣ ምግብ እዛው ይበስላል፣ ውሻውም ዶሮውም እዛው ነው። ዓመቱን በሁለት ከፍላችሁ እዩት፣ ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ገደማ ባህሩ ጸጥ ሲል በጀልባ እየዞሩ ይኖራሉ፣ ከሜይ እስከ ኦክቶበር ደቡብ ምዕራቡ ንፋስ ዝናቡን ይዞ ሲመጣ ደሞ ነፋስ በማይመታው በደሴቱ ምስራቅ በኩል ባህሩ ዳር ጎጆ ቀልሰው ይከርማሉ። ይከርማሉ ስል በእውነት ክረምት ነው ለነሱም።

ካባንግ እንዴት ይሠራል? ታችኛው ክፍል አንድ ትልቅ ግንድ ነው፣ ይቦረቦራል፣ ከዛ እሳት ላይ እያሞቁ ጎንና ጎኑን ይከፍቱታል፣ እንጨቱ ሲሞቅ ይለጠጣል። ጎኑን ደሞ በድሮው አሠራር በሳንቃ አልነበረም ከፍ የሚያደርጉት፣ የዘንባባ ዘመድ የሆነ እሾሃም ተክል አለ፣ የዛን የቅጠሉን ዘንግ ነው አንዱን በአንዱ ላይ እየደረደሩ በእንጨት ችንካር የሚያያይዙት። ዘንጉ እንደ ቡሽ ቀላል ነው። ጀልባው ውሃ ቢገባበት እንኳን አይሰጥምም። ችግሩ ቶሎ ያረጃል፣ በየጊዜው መቀየር አለበት፣ በኋላ ላይ ሰው ወደ ሳንቃ የዞረውም ለዛ ነው። ሚስማር የለም፣ የሚታሰረው በወይን ሐረግ በሚመስል ተክል ነው፣ ስንጥቁ በዛፍ ሙጫ ይደፈናል። መሃሉ ላይ ከቅጠል የተሰፋ ጣራ አለ፣ ሲያስፈልግ ተጠቅልሎ ይነሳል። ሸራውም ሳይቀር ከቅጠል ነበር የሚሠራው፣ ፓንዳነስ የሚባል ረጅም፣ ጠርዙ እሾህ የሆነ ቅጠል አለ፣ ሴቶቹ እሾሁን አንስተው፣ እሳት ላይ አለስልሰው፣ አድርቀው፣ ሰንጥቀው ነው የሚሠሩት። እናቶቻችን ሰሌን ሲሠሩ ያየ ሰው ሥራው አይጠፋውም።

እና የጀልባው ክፍል ሁሉ የሰው አካል ስም አለው። አፍ አለው፣ ጉንጭ አለው፣ አንገት፣ ትከሻ፣ የጎድን አጥንት፣ ሆድ። ከፊትና ከኋላ ደሞ ጫፉ ላይ ወደ ውስጥ የተቆረጠ ሹካ መሳይ ነገር አለው፣ ፎቶ ላይ ወዲያው ነው ዓይን ውስጥ የሚገባው። ለተግባር ጥሩ ነው፣ ጠላቂው ከውሃ ሲወጣ እግሩን እዛ ላይ አድርጎ ይወጣል፣ መሰላል ነው በቃ። እነሱ ግን የሚነግሯችሁ ሌላ ነው። ፊተኛው አፍ ነው፣ ኋለኛው ደሞ... ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ኋለኛው መቀመጫ ነው። ጀልባው ይበላል፣ ያስወጣል፣ ምንም አያጠራቅምም።

ይሄን ጃክ ኢቫኖፍ የሚባል ፈረንሳዊ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሞኬኖችን ያጠና ሰው ነው በሰፊው የጻፈው። ተረቱ እንዲህ ነው። ሲቢያን የምትባል ንግሥት ነበረች። ጋማን የሚባል የማላይ ሰው መጣ፣ ሩዝ ይዞ መጣ፣ አገባት። ከዛ ከእህቷ ከኬን ጋር ተያዘ። ሲቢያን ረገመች፣ ኬን ወደ ውሃው ትግባ ብላ። በቋንቋቸው ማጥለቅ የሚለው ቃልና ኬን ሲገናኙ ሞኬን የሚለው ስም ወጣ ይላሉ። ጀልባችሁም የሚበላ አፍና የሚያስወጣ ቀዳዳ ይኑረው፣ ምንም አይቆይላችሁ ብላ ፈረደች። እርግማን ነው እንግዲህ። ግን ስታስቡት እርግማኑን አኗኗር አድርገውት ኖረዋል፣ ጎተራ የለም፣ ሀብት የለም፣ ዛሬ ያጠመድከውን ዛሬ ትበላለህ፣ የተረፈውን ዛጎልና የባህር ኪያር የሚባለውን እንስሳ ለነጋዴ ሰጥተህ ሩዝ ትወስዳለህ።

እሺ፣ አሁን ወደ ክረምት ጎጆው። ይሄ ነው ሰው የሞኬን ባህላዊ ቤት ብሎ ፎቶ የሚያነሳው።

ቤቱ በቋሚ እንጨቶች ላይ ነው የቆመው፣ ቦታው ግን እናንተ እንደምታስቡት ከውሃው ራቅ ብሎ አይደለም። ባህሩ ሲሞላ ውሃው የሚደርስበት፣ ሲጎድል ደሞ አሸዋው የሚታይበት ያ መሃል ያለው ቦታ አለ አይደል፣ እዛ ላይ ነው። አንድ መሃንዲስ ይሄን ቢያይ ያብዳል። ግን እስቲ ተከተሉኝ። በቀን ሁለቴ ባህሩ ይሞላል፣ ይጎድላል። ሲሞላ ጀልባህን መጥተህ በራስህ ቤት ምሰሶ ላይ ታስራለህ፣ መሰላሉ ወደ ባህሩ ነው የዞረው፣ ከጀልባ ወደ ቤት ሁለት እርምጃ ነው። ወለሉ የተሰነጠቀ ቀርከሃ ነው፣ በመሃሉ ክፍተት አለ፣ ዓሣ ስትበላ አጥንቱን፣ ስትጠርግ ቆሻሻውን፣ ልጁ ሲያፈስ ያፈሰሰውን ታች ትለቀዋለህ፣ ባህሩ መጥቶ ይወስደዋል። የፍሳሽ መስመር ነው እኮ! ያለ ቱቦ፣ ያለ ክፍያ። በክፍተቱ ደሞ ንፋስ ከታች ይገባል፣ እዛ ሙቀት ውስጥ ለሚተኛ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ትንኙም ከባህር ንፋስ ጋር ብዙ አይመቸውም።

ግድግዳውና ጣራው ቅጠል ነው፣ ሰፋ ያለ የዘንባባ ዓይነት ቅጠል፣ ታጥፎ በቀጭን ዘንግ ላይ እየተሰፋ እንደ ረጅም ማበጠሪያ ይሆናል፣ ከዛ ከታች ወደ ላይ እየደራረቡ ይከድኑታል፣ ልክ እኛ ሳር ስንከድን የላይኛው የታችኛውን እንደሚጋልበው። ውስጡ ጠባብ ነው። አንድ ቤተሰብ፣ ምድጃ፣ ሰሌን፣ የተንጠለጠለ ዕቃ፣ አለቀ። ዕቃው ከተገኘ ጥቂት ቀን ነው የሚፈጀው፣ ወንዶቹ እንጨቱን ያቆማሉ፣ ቅጠሉን ደሞ ሁሉም ይረባረብበታል። ክረምቱ ሲወጣ? ትተውት ይሄዳሉ። ሰው ሲሞት፣ በሽታ ሲገባም ቦታውን ጥለው ሌላ የባህር ዳር ይፈልጉ ነበር። ቤቱ ይፈርሳል፣ ቅጠሉ ይበሰብሳል፣ ዛፉ መልሶ ያድጋል፣ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ተመልሰህ ብትመጣ ሰው እዛ ኖሮ እንደነበር አታውቅም።

ቋሚ ነገር የላቸውም ማለት ግን አይደለም። ሎቦንግ የሚባሉ የአባቶች መንፈስ ምሰሶዎች አሉ፣ ፊት ተቀርጾባቸው ቀለም ተቀብተው የሚቆሙ፣ በዓመት አንዴ ኤፕሪል አካባቢ ለነሱ ትልቅ በዓል ይደረጋል፣ ከየደሴቱ ሰው ይሰበሰባል። እነሱንም ቢሆን ግን ማንም ቫርኒሽ አይቀባቸውም፣ እዛው ቆመው ይበሰብሳሉ።

እና አሁን ጥያቄው፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ብዙዎቻችሁ ቅርስ ጥበቃ እየተማራችሁ ነው፣ እንዲህ ያለውን ቤት እንዴት ነው የምትጠብቁት?

እኔ ተማሪ እያለሁ ጨንቻ ሄጄ የዶርዜ ቤት ለክቼ ነበር። ሜትር፣ ወረቀት፣ ካሜራ፣ ኮራሁ በራሴ። የዶርዜን ቤት ታውቁታላችሁ፣ ከቀርከሃ ተጎንጉኖ ረጅም ሆኖ ይሠራል፣ ምስጥ ከታች ይበላዋል፣ ሰው የበሰበሰውን እየቆረጠ ቤቱ ከዓመት ዓመት እያጠረ ይሄዳል፣ ሲያሻቸውም ብዙ ሰው ሆነው አንስተው ሌላ ቦታ ያስቀምጡታል። ሁለት ቀን ስለካ ባለቤቱ ሽማግሌ ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና፣ ልጄ፣ ምን እያደረግክ ነው አሉኝ። አባባ፣ እንዳይጠፋ እየመዘገብኩት ነው አልኳቸው። ሳቁ። እንዳይጠፋ ከፈለግክ ፎቶውን ተወውና ቀርከሃውን ትከልልኝ አሉኝ። በቃ። ያን ቀን እንደ ቀልድ ነው የወሰድኩት፣ ሪፖርቱ ውስጥም አላስገባሁትም፣ ሥዕሎቼ ግን ጥሩ ማርክ አምጥተዋል።

ስለ ሞኬን ማንበብ ስጀምር ነው ነገሩ የገባኝ። ምክንያቱም እዛ የሆነው በትክክል ይሄ ነው። በ1981 ታይላንድ ሱሪን ደሴቶችን ብሔራዊ ፓርክ አደረገች። ጥሩ ነገር ነው፣ ኮራሉ፣ ዓሣው፣ ደኑ ተጠበቀ፣ ይሄን መካድ አልችልም፣ ፓርክ ባይሆን ኖሮ ዛሬ በየባህር ዳሩ ሆቴል ይሆን ነበር። ግን በፓርክ ሕግ ትልቅ ዛፍ መቁረጥ ክልክል ነው። ካባንግ ደሞ ያለ ትልቅ ዛፍ አይሆንም። አንድ ጀልባ አንድ ግንድ ነው የሚፈልገው፣ የዓመታት ዕድሜ ያለው ግንድ። ስለዚህ ማንም ካባንግ ክልክል ነው አላለም፣ ካባንግን የሚቃወም ሰው የለም፣ ሁሉም ይወደዋል፣ ፖስተር ላይ አለ፣ ግን መሥራት አይቻልም። አሮጌዎቹ አረጁ። አዲስ ያገባው ልጅ ከየብስ የሚመጣ ሞተር ያለው ረጅም ጀልባ ገዝቶ ይጠቀማል፣ ያ ጀልባ ደሞ የሥራ ጀልባ ነው፣ አይኖሩበትም። ጀልባ ላይ ካልተኖረ የክረምቱ ጎጆ ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩበት ይሆናል። አያችሁ? ዛፉ ሲከለከል ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ፣ ቅርጹ ሳይቀየር።

ይሄን ነጥብ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። ቱሪስት መጥቶ፣ ቅጠል ጣራ፣ ቀርከሃ፣ ምሰሶ ያይና ባህሉ ተጠብቋል ይላል። ለስድስት ወር የተሠራ ቤት አሥራ ሁለት ወር ሲኖሩበት ግን ቅጠሉ ቶሎ ያልቃል፣ ቅጠሉን ለመቀየር ደሞ እዚሁ ደሴት ላይ ያለውን ዘንባባ ደጋግሞ መቁረጥ ነው፣ ድሮ በብዙ ደሴት ላይ የተበተነው ጫና አንድ ቦታ ላይ ይከመራል፣ ከዛ የፓርኩ ሰው መጥቶ ደኑን ጎዳችሁ ይላል። እሱም ልክ ነው። እነሱም ልክ ናቸው። እንዲህ ዓይነት ነገር ነው እኔን የሚያናድደኝ።

ከዛ ሱናሚው መጣ። ዲሴምበር 26፣ 2004፣ በኛ ታህሳስ 17 ቀን 1997። በየአገሩ ከ200 ሺህ በላይ ሰው ያለቀበት። ሞኬኖች ላቡን የሚሉት ተረት ነበራቸው፣ ሰው የሚበላ ማዕበል፣ ባህሩ መጀመሪያ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ከዛ ይመጣል የሚል። ሱሪን ላይ ውሃው በድንገት ሲሸሽ ሽማግሌዎቹ ወደ ኮረብታው ሩጡ አሉ፣ ቱሪስት ሳይቀር ይዘው ወጡ። መንደሩ ተጠርጎ ሄደ፣ ህዝቡ ግን ተረፈ። ይሄን ዓለም በጣም ወደደው፣ ተጻፈ፣ ተቀረጸ። እኔ ግን የምላችሁ፣ እዛ ጋ ሌላም ነገር አለ፣ የጠፋው ቤት የጥቂት ቀን ሥራ ነበር። ቅጠልና ቀርከሃ። በኮንክሪት ቤት ውስጥ ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመ ሰው የሚያጣውን ዓይነት ነገር አላጡም። የከበደው የጀልባዎቹ መጥፋት ነበር፣ ምክንያቱም እነሱን መተካት አይቻልም፣ ከላይ በነገርኳችሁ ምክንያት።

ከሱናሚው በፊት ሱሪን ላይ ሁለት መንደር ነበር፣ በሁለት የተለያየ ወሽመጥ። ከዛ በኋላ አንድ ላይ ተደረጉ፣ አው ቦን ያይ የሚባል ወሽመጥ ላይ። ዕርዳታ መጣ፣ በጎ ፈቃደኛ መጣ፣ ቤት ተሠራ። እንዴት ተሠራ? በረድፍ። ቀጥ ባለ መስመር፣ ከውሃው ፈቀቅ ብሎ፣ አንዱ ከአንዱ ጀርባ፣ ተጠጋግቶ። ቅጠሉ የሞኬን ነው፣ ቀርከሃው የሞኬን ነው፣ አሰላለፉ ግን የካምፕ ነው። የኋላው ረድፍ ላይ ያለ ሰው ጀልባውን ከቤቱ አያያትም። ታች ያለው አሸዋ ደረቅ ነው፣ ባህሩ አይደርስበትም፣ ስለዚህ ያ በክፍተቱ የሚወርደው ቆሻሻ ማንም አይወስደውም፣ እዛው ይከማቻል። አንዲት ነገር ነች የተቀየረችው፣ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ፣ እና ቤቱ መሥራት አቆመ። ናሩሞን የምትባል የቹላሎንግኮርን ዩኒቨርሲቲ አንትሮፖሎጂስት ከሞኬኖች ጋር ለብዙ ዓመት የሠራች ናት፣ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዩኔስኮ የተደገፈ ፕሮጀክትም ነበራቸው እዛ፣ እሷና ጓደኞቿ ይሄን ነገር ደጋግመው ነው ያነሱት።

እኔ የሠሩትን ሰዎች አልወቅስም። ማዕበል ቤት ወስዶ ሳለ ቤቱን ወደ ኋላ ሳብ የማያደርግ ማን አለ? እኔም ያን ጊዜ እዛ ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው፣ ምናልባት ከዛ የባሰ ቀጥ ያለ መስመር።

ከዛ ፌብሩዋሪ 3፣ 2019፣ እሑድ ማታ፣ እሳት ተነሳ። ደረቅ ወቅት ነው፣ ቅጠሉ ደርቋል፣ ከባህር ንፋስ አለ፣ ቤቶቹ ተጠጋግተዋል። 61 ቤት ነደደ፣ መንደሩ በሙሉ ሰማንያ ገደማ ቤት ነበር። ቀርከሃ ሲቃጠል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አንጓው ውስጥ ያለው አየር ሲሞቅ እንደ ጥይት ነው የሚጮኸው። አንድ ቤት ቢቃጠል ድሮ አንድ ቤት ነው፣ ሰው ባህሩ ዳር ተበታትኖ ነው የሚኖረው፣ ከታች ደሞ ውሃ አለ። በረድፍ ሲሆን ግን መንደሩ ክብሪት ነው።

እንደገና ተሠራ፣ ቶሎ ነው የተሠራው፣ አሁንም በቀርከሃና በቅጠል። ያኔም ክርክር ተነሳ፣ ምን ያህል ይራራቁ፣ ወደ ባህሩ ይጠጉ ወይስ አይጠጉ፣ የት የት ይሁን ተብሎ። ይሄ ክርክር ራሱ ደስ ይለኛል፣ ከሱናሚው በኋላ ሲሠራ እንዲህ አልተከራከሩም ነበር።

አሁን ደሞ ሌላ ነገር፣ ስለ ማስረጃ። ፉኬትን ሁላችሁም ሰምታችኋል፣ ሀብታም ቱሪስት የሚሄድበት። እዛ ራዋይ የሚባል ባህር ዳር አለ፣ ኡራክ ላዎይ የሚባሉ የባህር ሰዎችና ሞኬኖችም ይኖሩበታል፣ ታይዎች ሁሉንም አንድ ላይ ቻው ሌ ይሏቸዋል፣ የባህር ሰዎች ማለት ነው። መሬቱ ውድ ሆነ፣ የይዞታ ወረቀት ያላቸው ሰዎች መጡ። በጃንዋሪ 2016 ወደ ባህሩ የሚያስገባውን መንገድ ሊዘጉ ሲሉ ድብድብ ተነስቶ ሰው ተጎድቷል። ነዋሪዎቹ እዚህ ድሮም ነበርን ለማለት ምን ያቅርቡ? ቤቱ ቅጠል ነው፣ ምንም አልተወም። በመጨረሻ ያቀረቡት የሟቾቻቸውን አጥንት ነው፣ ተቆፍሮ ተመረመረ፣ ደሞ ንጉሥ ቡሚቦል በ1959 መጥተው ሲጎበኟቸው የተነሳ ምስል። ስታስቡት ያሳዝናል። ምድሩን ሳይጎዳ የኖረ ሰው፣ ምንም አሻራ ባለመተዉ፣ አልነበርክም ይባላል። ግንብ የገነባ ግን በግንቡ ይመሰክራል። የቅርስ መዝገቦቻችን ሁሉ የተሠሩት ለድንጋይ ነው፣ የኛም ጭምር።

መታወቂያ ራሱ ችግር ነበር፣ ብዙዎቹ ዜግነት አልነበራቸውም። ሱሪን ላይ ያሉት በኋላ ክላታሌ የሚል የአባት ስም ተሰጣቸው፣ የባህር ደፋር እንደማለት ነው። ደስ የሚል ስም ነው፣ ግን መንደሩ ሁሉ አንድ የአባት ስም ነው ያለው፣ ቀበሌ ሄዶ መመዝገብ ምን እንደሚመስል አስቡት። የታይላንድ ካቢኔ በጁን 2010 የባህር ሰዎችን አኗኗር ለመመለስ የሚል ውሳኔ አሳልፏል፣ መሬት፣ ማጥመጃ፣ ትምህርት፣ ዜግነት ሁሉም አለበት። ውሳኔው ጥሩ ነው። የካቢኔ ውሳኔ ግን ሕግ አይደለም፣ ዛፍ መቁረጥን የሚከለክለው ደሞ ሕግ ነው።

በማይናማር በኩል ታሪኩ ሌላ ነው፣ አጠር አድርጌ ልለፍ። እዛ ፓርክ ሳይሆን መጀመሪያ የበዛው ዓሣ አጥማጁ ነው፣ ከየብስ የመጡ ሰዎች ደሴቶቹ ላይ ሰፈሩ፣ ሞኬኖችም ከነሱ ጋር ተደባልቀው በቋሚ መንደር መኖር ጀመሩ። በ1996 ላምፒ የባህር ፓርክ ተቋቋመ፣ አጠገቡ ቦ ቾ ደሴት ላይ ማክዮን ጋሌት የሚባል መንደር አለ፣ ቤቶቹ አሁንም በምሰሶ ላይ ናቸው፣ ቆርቆሮና ሳንቃ ግን ገብቷል፣ ሞኬንና በርማም ተጋብቷል። ንጹሑን ባህል ለሚፈልግ ፎቶ አንሺ አይመችም። ለኔ ግን ባህር ላይ በምሰሶ የቆመ ቆርቆሮ ቤት፣ የብስ ላይ በረድፍ ከተሠራ የቅጠል ቤት የበለጠ ሞኬን ነው። ይሄን ስል አንዳንድ ባልደረቦቼ ይጣሉኛል።

ስለዚህ ጥበቃ ስትሉ፣ እኔ የማስበው ዝርዝሩ ላይ መጀመሪያ ሊገባ የሚገባው ቤቱ አይደለም። ለአንድ ጀልባ አንድ ግንድ የመቁረጥ ፈቃድ፣ በዓመት ስንት እንደሆነ ከፓርኩ ጋር ተስማምቶ። ቅጠሉ የሚለቀምበት ቦታ እንዲያርፍና እንዲፈራረቅ። ባህሩ በሚደርስበት መስመር ላይ መሥራት መቻል። ከአንድ ወሽመጥ ወደ ሌላ መሄድ መቻል። ያቺን የዓይን ነገር ያዙልኝ ብዬ ነበር፣ ልጁ ውሃ ውስጥ ካልዋለ ዓይኑ አያይም። ጀልባ ሲሠራ ያላየ ልጅም፣ ቪዲዮ ብታሳየው፣ ሙዚየም ውስጥ ሞዴል ብታቆምለት፣ ግንዱ እሳት ላይ ሲለጠጥ የት ጋ ማቆም እንዳለበት አያውቅም። ትንሽ ካለፍክ ይሰነጠቃል፣ ግንዱ ሄደ። ያንን የሚያውቁት አሁን አዛውንት ናቸው።

ጥያቄ ካለ። አዎ፣ እዛ ጋ።

(አንድ ልጅ እነሱ ራሳቸው ኮንክሪትና መብራት አይፈልጉም ወይ፣ ለኛ ሲባል ቅጠል ውስጥ ይኑሩ እንዴ ብሎ ጠየቀ።)

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ትንሽም ያሳፍረኛል፣ ምክንያቱም እኔ እራሴ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ይፈልጋሉ እንጂ፣ ሶላር ይፈልጋሉ፣ ሞተር ይፈልጋሉ፣ ስልክ ይፈልጋሉ፣ ልጁ ትምህርት ቤት እንዲሄድ ይፈልጋሉ። ወንዶቹ ፓርኩ ውስጥ ቱሪስት በጀልባ በማመላለስ ይሠራሉ፣ ሴቶቹ ከፓንዳነስ ትንንሽ ሳጥን ሠርተው ይሸጣሉ። ማንም ሰው በግድ በቅጠል ቤት ይኑር አላልኩም። ያልኩት፣ መምረጥ ካለባቸው ሁለቱም በር ክፍት ይሁን ነው፣ አሁን አንደኛው በር ተቆልፎ ሳለ ሌላውን መርጠዋል እንላለን። ደሞ ሶላር ከቅጠል ጣራ ጋር አይጣላም፣ አብረው ተቀምጠው ፎቶ አይቻለሁ።

እሺ እማማ፣ እርስዎ ይጠይቁ።

(አንዲት እናት ከኋላ፣ ዝናቡ ያን ያህል ከሆነ ቅጠሉ አያፈስም ወይ፣ እኛ ሳሩን ከድነን እንኳን በነሐሴ ያፈስ ነበር አሉ።)

ያፈሳል እማማ፣ ሲያረጅ ያፈሳል። አዲስ ሲሆን ግን በደንብ ከተደራረበ ውሃው እየተንሸራተተ ይወርዳል፣ ጣራውም ያዘቀዘቀ ነው። የሚያፈሰው ቦታ ላይ ያንን አንዱን ማበጠሪያ መሳይ ብቻ አውጥተው በአዲስ ይተኩታል፣ ሙሉውን ማፍረስ አያስፈልግም። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ቅጠሉ ካለ ማለት ነው።